ያልታየውን መቁጠር፦ የፈንገስ ብዝኃ ሕይወት ጥናትና ጥበቃ ታሪክ

ፈንገስ ከእንስሳም ከዕፅዋትም የተለየ፣ ራሱን የቻለ የሕያዋን ወገን ነው። እርሾ፣ ሻጋታ፣ ስንዴን የሚመታው ዋግ፣ ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ የሚለው እንጉዳይ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ሰው የሚያየው እንጉዳይ ግን የፈንገሱ ፍሬ እንጂ መላ አካሉ አይደለም። ዋናው አካል ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ድር ሆኖ በአፈር፣ በበሰበሰ ግንድ ወይም በዛፍ ሥር ውስጥ ተዘርግቶ ይኖራል። ፍሬው ለጥቂት ቀናት ታይቶ ይረግፋል፤ አንዳንዱ ዝርያ ለዓመታት ፍሬ ሳያወጣ ይቆያል። የዋልያን ቁጥር ለማወቅ ተራራ ወጥቶ መቁጠር ይቻላል። ፈንገስን ለመቁጠር ግን የተሰወረውን የሚገልጥ ዘዴ አስቀድሞ መገኘት ነበረበት። የዚህ ዘዴ ፍለጋ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ የፈንገስ ጥበቃ ታሪክም ከዚሁ ፍለጋ ጋር አብሮ የሄደ ነው።

ስም የመስጠት ዘመን

እስከ 18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙ የአውሮፓ ሊቃውንት እንጉዳይና ሻጋታ ከመበስበስ በራሳቸው እንደሚፈጠሩ ያምኑ ነበር። ይህን እምነት በሙከራ የፈተነው የፍሎረንሱ ጣሊያናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ ነው። ሚኬሊ ከሻጋታ ላይ የረገፈውን ደቃቅ ብናኝ፣ ዛሬ ስፖር የሚባለውን፣ በተቆረጠ ሜሎን ላይ ዘራ። የበቀለውም ብናኙ ከመጣበት ሻጋታ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በ1729 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ 1,900 ገደማ ዕፅዋትን ሲገልጽ ከእነዚህ 900 ያህሉ ፈንገሶችና ላይከኖች ነበሩ። ላይከን ማለት ፈንገስና አልጌ ተዋህደው በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚኖሩበት አካል ነው።

የሚኬሊ ሙከራ በጊዜው ብዙዎችን አላሳመነም። ለኋለኛው የጥበቃ ሥራ ግን መሠረቱ እሱ ነው። ከመበስበስ በራሱ የሚፈጠር ነገር መበስበስ እስካለ ድረስ አይጠፋም፤ ከዘሩ የሚወለድ ነገር ግን ዘሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ፈንገስ ሊጠፋ ይችላል የሚለው አሳብ ትርጉም ያገኘው ፈንገስ ዘር እንዳለው ከታወቀ በኋላ ነው።

በ1753 ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ሕያዋንን በሥርዓት ሲመድብ ፈንገሶችን አበባ ከሌላቸው ዕፅዋት ጋር አስቀመጣቸው። ይህ ምደባ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ የተወለደው ክርስቲያን ሄንድሪክ ፐርሱን በ1801፣ ቀጥሎም ከ1821 እስከ 1832 ስዊድናዊው ኤልያስ ፍሪስ በጻፏቸው መጻሕፍት የፈንገስ ስያሜ መልክ ያዘ። በ1882 የፓዶቫው ፒየር አንድሬያ ሳካርዶ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የተገለጹትን ዝርያዎች ሁሉ በአንድ ተከታታይ ሥራ ለማሰባሰብ ተነሣ፤ ሥራውም ከእሱ ዕድሜ አልፎ ቀጠለ።

ከመጻሕፍቱ ጎን ለጎን የደረቁ ናሙናዎች ይጠራቀሙ ጀመር። አንድ እንጉዳይ ሲገኝ ይደርቃል፣ በወረቀት ይጠቀለላል፣ የተገኘበት ስፍራ፣ ቀንና የሰብሳቢው ስም ይጻፍበታል። በ1879 እንግሊዛዊው ቄስ ማይልስ ጆሴፍ በርክሌይ የዕድሜ ልክ ስብስቡን ለለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል አስረከበ። ዛሬ የኪው የፈንገስ ማኅደር 1.25 ሚሊዮን ያህል ናሙናዎች አሉት። ናሙናዎቹን የሰበሰቡት ሰዎች ዓላማ ዝርያን ለይቶ መሰየም ነበር። በወረቀቱ ላይ የሰፈሩት ቦታና ቀን ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ጥያቄ መለሱ፤ ይህ ዝርያ ያኔ እዚህ ነበረ፣ ዛሬስ አለ ወይ?

የመስክ ጉዞዎችና የማስታወሻ ደብተሮች

የፈንገስን ጥናት ከሊቃውንት ክፍል ወደ ሜዳ ያወጡት በመደበኛ ሙያቸው የሳይንስ ሰዎች ያልነበሩ ወዳጆቹ ናቸው። በ1868 በእንግሊዝ ሄርፎርድ የሚገኘው የዉልሆፕ የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር አባላቱን ይዞ እንጉዳይ ፍለጋ ጫካ ገባ፤ ይህ የመከር ወቅት ጉዞ ልማድ ሆነና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛመተ። በ1884 የፈረንሳይ፣ በ1896 የብሪታንያ፣ በ1908 ደግሞ የኔዘርላንድስ የፈንገስ ጥናት ማኅበራት ተመሠረቱ። በአባልነት የተሰባሰቡት ቀሳውስት፣ ሐኪሞች፣ መምህራንና መድኃኒት ቀማሚዎች ነበሩ። በየጉዞው ማብቂያ ያገኙትን ዝርያ ሁሉ በዝርዝር ይጽፉ ነበር። ጉዞው በየዓመቱ ወደ አንድ ዓይነት ጫካ በአንድ ዓይነት ወቅት ስለሚደረግ ዝርዝሮቹ ሳይታሰብ እርስ በርስ የሚነጻጸሩ መረጃዎች ሆኑ።

በዚያው ዘመን ፈንገስ በጫካ ውስጥ ያለው ድርሻ ተገለጠ። የፕሩሲያ መንግሥት ትራፍል የተባለውን ውድ የምድር ውስጥ እንጉዳይ ማልማት ይቻል እንደሆነ እንዲመረምር ጀርመናዊውን አልበርት በርንሃርድ ፍራንክን አዘዘ። ፍራንክ ትራፍልን ማልማት አልሆነለትም፤ ነገር ግን የፈንገስ ክሮች የዛፉን የሥር ጫፎች እንደ ጓንት ሸፍነው አገኛቸው። በ1885 ይህን የሥርና የፈንገስ ጥምረት ማይኮራይዛ ብሎ ሰየመው። ፈንገሱ ውኃና ማዕድን ለዛፉ ያቀርባል፣ ዛፉም በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ለፈንገሱ ያካፍላል። ቀደም ሲል የሥር በሽታ የመሰለው ነገር የጫካው የእለት ጉርስ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ከምድር ዕፅዋት አብዛኞቹ እንዲህ ካለ ፈንገስ ጋር ተጣምረው እንደሚኖሩ ይታወቃል።

መቀነሱ የታወቀበት ዘመን

በ1969 አሜሪካዊው የሥነ ምኅዳር ምሁር ሮበርት ዊታከር ሕያዋንን በአምስት ታላላቅ ወገኖች ሲከፍል ፈንገሶች ራሳቸውን ችለው ቆሙ። ሳይንሱ ቢታረምም ሕግና የጥበቃ ተቋማት በቀድሞው መንገድ ቀጠሉ። በ1979 የተፈረመው የአውሮፓ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ መኖሪያዎች ስምምነት፣ የበርን ስምምነት የሚባለው፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርዝሮች ሲኖሩት ለፈንገስ ቦታ አልነበረውም። በቀድሞው ምደባ ከዕፅዋት ተቆጥሮ በዕፅዋት ተሸፍኗል ይባል ነበር፤ በአዲሱ ምደባ ደግሞ የሚጠራበት መዝገብ አጣ።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በመካከለኛው አውሮፓ እንጉዳይ ለቃሚዎች የሚበላው እንጉዳይ እየጠፋ ነው ማለት ጀመሩ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ለቃሚው ራሱ ነበር። ጥርጣሬውን ለመመርመር በ1975 በስዊዘርላንድ ላ ሻኔያዝ በሚባል ስፍራ የእንጉዳይ መከለያ ተቋቁሞ የረጅም ጊዜ ሙከራ ተጀመረ። ጫካው በመደቦች ተከፈለ። በአንዳንዱ መደብ እንጉዳዩ ተነቀለ፣ በአንዳንዱ በቢላ ተቆረጠ፣ በሌላው ሳይነካ ቀረ። ቆጠራው ለሠላሳ ዓመት ያህል ቀጥሎ ውጤቱ በ2006 ሲታተም መልቀም የሚቀጥለውን ዓመት ምርት እንደማይቀንስ፣ የዝርያውንም ብዛት እንደማይጎዳ አረጋገጠ። የፍሬውን ቁጥር የቀነሰው የሰው እግር መሬቱን መርገጡ ነበር። በቀላሉ የሚወረወር ክስ በሠላሳ ዓመት ትዕግሥት ውድቅ ሆነ።

እውነተኛውን መንስኤ ለማግኘት የድሮዎቹ ማስታወሻ ደብተሮች አገለገሉ። ሆላንዳዊው ኤፍ አርኖልድስ በአገሩ ከ1912 እስከ 1954 የተደረጉትን የመስክ ጉዞዎች ዝርዝሮች ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ጉዞዎች ጋር አነጻጸረ። ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምረው ከሚኖሩት ፈንገሶች በአንድ ጉዞ በአማካይ 71 ዝርያ ይገኝ የነበረው ወደ 38 ወርዶ ነበር። የሚበላውም የማይበላውም እኩል መቀነሱ ጥፋቱ የለቃሚ አለመሆኑን በራሱ አስረዳ። እንጨት የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ግን እንዲህ አልተጎዱም። ጉዳቱ የተለየ ኑሮ ያላቸውን መርጦ የመታ ነበር።

ያ የተለየ ኑሮ መንስኤውን አመለከተ። ከተጠናከረ የከብት እርባታ የሚወጣው አሞኒያ፣ ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣው ጭስ ናይትሮጅን ተሸክሞ ከዝናብ ጋር በጫካው ላይ ይወርዳል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከሰማይ በነፃ ሲያገኝ ለፈንገሱ የሚያካፍለውን ስኳር ይቀንሳል። ፈንገሱም ይራባል፤ መጀመሪያ ፍሬ ማውጣት ያቆማል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። በአሮጌ የግጦሽ መሬቶች ላይ የሚበቅሉት ደማቅ ቀለም ያላቸው የሰም ቆብ እንጉዳዮችም እንዲሁ ማዳበሪያ በተነሰነሰበት ሁሉ ጠፉ። በ1985 ዴንማርካዊው ኤሪክ ራልድ ይህንኑ ጠባያቸውን ለመለኪያነት ተጠቀመበት። በአንድ መስክ የሚገኙት የሰም ቆብ ዝርያዎች ብዛት መሬቱ ምን ያህል ሳይነካ እንደቆየ ስለሚናገር ጥበቃ የሚገባቸውን መስኮች በዚሁ መለኪያ በደረጃ ማስቀመጥ ተቻለ።

በዚያው 1985 በኦስሎ በተደረገው የአውሮፓ የፈንገስ ተመራማሪዎች ጉባኤ የአውሮፓ የፈንገስ ጥበቃ ምክር ቤት ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ አገሮች አንድ በአንድ የየራሳቸውን ቀይ መዝገብ፣ ማለትም ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ዝርዝር፣ ለፈንገስም ማዘጋጀት ያዙ።

ከፍሬው ወደ ክሩ

መቀነሱ ከታወቀ በኋላ፣ ስንት ዝርያ አለና ነው የሚቀንሰው የሚለው ጥያቄ ተከተለ። በ1991 እንግሊዛዊው ዴቪድ ሆክስወርዝ ስሌት አቀረበ። በሚገባ በተጠናው የብሪታንያ ምድር ለአንድ የዕፅዋት ዝርያ ስድስት ያህል የፈንገስ ዝርያ ይገኛል፤ ይህ መጠን በዓለም ዕፅዋት ሲባዛ የፈንገስ ዝርያዎች 1.5 ሚሊዮን ይደርሳሉ። በጊዜው ስም የነበራቸው 70,000 ገደማ ብቻ ስለነበሩ ስሌቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። በ2017 ሆክስወርዝ ራሱ ከሮበርት ሉኪንግ ጋር ግምቱን አሻሽሎ ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን አደረሰው።

በሌላ በኩል አንድ ፈንገስ ማለት ምን እንደሆነ መወሰንም ቀላል እንዳልሆነ ታየ። በ1992 በአሜሪካ ሚሺጋን ጫካ ውስጥ ተመራማሪዎች እዚህም እዚያም የበቀሉ እንጉዳዮችን የዘር ምርመራ ሲያደርጉባቸው በ15 ሄክታር ላይ የተበተኑት ሁሉ የአንድ አካል ፍሬዎች ሆነው ተገኙ። ዕድሜው በትንሹ 1,500 ዓመት ተገመተ። መቶ እንጉዳይ የቆጠረ ሰው መቶ ፈንገስ ቆጠረ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ወዲህ ክርክር አልቀረም።

የምርመራውን በር የከፈተው ዲኤንኤ ነው። በ1990 ቶማስ ዋይትና ባልደረቦቹ የፈንገስን አንድ የዘር ቁራጭ አባዝቶ ለማንበብ የሚያስችሉ ኬሚካላዊ ቁልፎችን አሳተሙ። አይቲኤስ የተባለው ይህ ቁራጭ በ2012 የፈንገስ ዝርያዎች መለያ ሆኖ በዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ስምምነት ተመረጠ። በ1996 ሞኒክ ጋርድስና ቶማስ ብሩንስ በካሊፎርኒያ የፓይን ጫካ ከመሬት በላይ ያሉትን እንጉዳዮች በሥር ላይ ካለው ፈንገስ ጋር ሲያነጻጽሩ ሁለቱ ዝርዝሮች አልገጠሙም። ከላይ በብዛት የሚታየው ከታች ጥቂት፣ ከታች ሥሩን የሞላው ከላይ እምብዛም የማይታይ ሆነ። የመስክ ጉዞ ዝርዝር ውድ ቢሆንም ግማሽ ታሪክ ብቻ እንደሚናገር ታወቀ።

በዚሁ ዘመን የመጀመሪያው ትልቅ የመንግሥት ክትትል ተጀመረ። በ1994 የአሜሪካ መንግሥት በሰሜን ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ያሉትን ጥንታዊ ጫካዎች ለመጠበቅ ባወጣው ዕቅድ 234 ብርቅ የፈንገስ ዝርያዎችን አካተተ። ዛፍ ከመቆረጡ በፊት አንዳንዶቹ ዝርያዎች መኖር አለመኖራቸው እንዲፈተሽ፣ በተገኙበትም ስፍራው እንዲጠበቅ ተደነገገ። ከእነዚህ አንዱ ባረጁ ግዙፍ ዛፎች ሥር የሚበቅለውና ፍሬው ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችለው ብሪጅዮፖረስ ኖቢሊሲመስ ነው። ለዓመታት የተካሄደው ፍተሻ ሁለት ነገር አሳየ። አንዳንዱ ብርቅ የተባለው ዝርያ ፈላጊ ስላልነበረው ነበር ብርቅ የመሰለው፤ አንዳንዱ ግን ተፈልጎም የተገኘው በጥቂት ስፍራ ብቻ ነው። እነዚህን ሁለቱን የለየው በየወቅቱ ተመላልሶ መፈለግ ነበር።

መዝገብና ሕግ

በ2003 ለበርን ስምምነት በመላ አውሮፓ ለአደጋ የተጋለጡ 33 የፈንገስ ዝርያዎች ሰነድ ቀረበ። እያንዳንዱ ዝርያ የት እንደሚገኝና ምን እንደሚያሰጋው ተዘርዝሮ ነበር፤ ሆኖም ዝርያዎቹ በስምምነቱ ዝርዝር አልገቡም። ለተመራማሪዎቹ መራራ ውጤት ነበር፤ ያሰባሰቡት መረጃ ግን ለኋለኛው ሥራ ስንቅ ሆነ።

በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ደግሞ በ2003 ሁለት ላይከኖች ገቡ። በ2006 በሲሲሊ ደሴት የማዶኒ ተራሮች የሚበቅለው ነጭ እንጉዳይ፣ ፕሉሮተስ ኔብሮደንሲስ፣ እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዘገበ። በግምገማው መሠረት በየዓመቱ ለፍሬ የሚደርሰው ከ250 በታች ነበር። ዋጋው ውድ ስለሆነ ለቃሚው ሳይበስል ስለሚወስደው ስፖሩን የሚበትንበት ጊዜ አላገኘም። የስዊዘርላንዱ ሙከራ መልቀም ጫካን እንደማይጎዳ ቢያሳይም፣ ይህ እንጉዳይ ስፍራው ለጠበበና ፈላጊው ለበዛ ዝርያ ሌላ ፍርድ እንደሚያስፈልግ አስተማረ።

እስከ 2013 ድረስ በዓለም ቀይ መዝገብ የነበሩት ፈንገሶች እነዚህ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። አንዱ እንቅፋት የመዝገቡ መመዘኛ ለእንስሳና ለዕፅዋት የተቀረጸ መሆኑ ነው። ስንት አዋቂ ግለሰብ ቀረ? አንድ ትውልድ ስንት ዓመት ነው? ለሚዳቋ የሚቀርበው ጥያቄ ለክር ድር አይመችም። በ2011 ስዊድናዊው አንደርስ ዳልበርግና አሜሪካዊው ግሪጎሪ ሙለር ፈንገስ በነዚሁ መመዘኛዎች እንዴት እንደሚገመገም መመሪያ አወጡ። በመመሪያው መሠረት የታወቁት ስፍራዎች ተቆጥረው ሳይገኙ የቀሩት ይገመታሉ፤ በየስፍራው ያለው የግለሰብ ቁጥር በዝርያው ኑሮ ይሰላል፤ መቀነሱ ደግሞ ከመኖሪያው መቀነስ ይነበባል። በ2013 ዓለም አቀፍ የፈንገስ ቀይ መዝገብ ዘመቻ ሲጀመር የሥራ መሣሪያው ይህ ነበር።

በሕግ ረገድ ቀዳሚነቱን የያዘችው ቺሊ ናት። በ2010 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕጓ ፈንገስን ከእንስሳትና ከዕፅዋት ጎን በስም አስገባ፤ በአገሪቱም የፕሮጀክቶች የአካባቢ ተፅዕኖ ሲጠና ፈንገስ እንዲታይ መንገድ ከፈተ። ለዚህ የተሟገተችው ጁሊያና ፉርቺ በ2012 ለፈንገስ ጥበቃ ብቻ የቆመ ድርጅት መሠረተች።

የብዙዎች ዓይን

የማስታወሻ ደብተር ዋጋ እንደገና የታየው በ2007 ነው። ኤድዋርድ ጌንጅ የተባሉ እንግሊዛዊ በሳልዝበሪ ከተማ ዙሪያ ከ1950 ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት ያገኙትን እንጉዳይ ሁሉ ከነቀኑ መዝግበው ነበር። ልጃቸው ፕሮፌሰር አላን ጌንጅ ከባልደረቦቹ ጋር 315 ዝርያዎችን የሚመለከቱትን 52,000 ያህል መዝገቦች ተነተነ። በ1950ዎቹ በአማካይ 33 ቀን የነበረው የመከር እንጉዳይ ወቅት ወደ 75 ቀን ተራዝሞ ነበር። በመከር ብቻ ያፈሩ የነበሩ አንዳንድ ዝርያዎች በጸደይም ማፍራት ጀምረዋል። የአየር ንብረት ለውጥ በምድር ውስጥ ያለውን ሕይወት እንደነካ ከአንድ ሰው ትጋት ተነበበ።

ከ2009 እስከ 2013 ዴንማርክ በጎ ፈቃደኞችን አሰልፋ የመላ አገሯን የፈንገስ ካርታ ሠራች፤ ከ200,000 በላይ መዝገቦች ተሰበሰቡ፣ ለአገሪቱ አዲስ የሆኑ ብዙ ዝርያዎችም ተገኙ። በ2014 ኪው ለረጅም ጊዜ ያልታዩ 100 ያህል ዝርያዎችን ለበጎ ፈቃደኞች ሰጥቶ በመላ ብሪታንያ አስፈለገ። በዚያው ዓመት ኢስቶኒያዊው ሌሆ ቴደርሱና ባልደረቦቹ ከዓለም 365 ስፍራዎች አፈር ሰብስበው በውስጡ ያለውን የፈንገስ ዲኤንኤ አነበቡ። የፈንገስ ብዛት የዕፅዋትን ብዛት በቀጥታ እንደማይከተል ታየ። ዕፅዋት የበዙበትን መከለል ፈንገስን መከለል ነው የሚለው የቆየ እምነትም ተናጋ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ እንጉዳይን ለይቶ የሚያውቅ የቆየ የሕዝብ ዕውቀት አለ። በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት ማጃንጎች እንጉዳይን ለምግብ እንዴት እንደሚጠቀሙበት በ2001 በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ከምስጥ ጋር ተጣምሮ በኩይሳ ላይ የሚበቅለው ትልቅ እንጉዳይም ዝናብ ሲጥል የሚጠበቅ ምግብ ነው። በሌላ በኩል በብዙ የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢዎች የዱር እንጉዳይ የጅብ ጥላ እየተባለ ይፈራል፤ መርዘኛ ዝርያዎች ስላሉም ፍርሃቱ መሠረት የለሽ አይደለም።

የመስኩ ሳይንሳዊ ቆጠራ በስፋት የተጀመረው በቅርብ ነው። በ2017 በታተመ ጥናት ታጠቅ ደጀኔ ከስፔን ባልደረቦቹ ጋር በወንዶ ገነት በእሳት የተቃጠለ ጫካንና ያልተቃጠለን በማነጻጸር ከእሳት በኋላ ፈንገስ እንዴት እንደሚመለስ መርምሯል። ይኸው ቡድን በባሕር ዛፍ ተከላ ሥር የሚኖሩትን ፈንገሶችም አጥንቷል። ቀጥሎም በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያሉት እንጉዳዮችና የአፈሩ ጠባይ ተመረመሩ። ዙሪያው በእርሻ በተራቆተበት ምድር በየደብሩ ቅጥር የቀሩት እነዚህ ደኖች ለአገር በቀል ዛፎች መጠጊያ እንደሆኑ የቆየ ዕውቀት ነው። ጥናቱ ትኩረቱን ከዛፎቹ ሥር ወዳለው ሕይወት አወረደው። ዛፍ ሲቆረጥ ከእሱ ጋር የተጣመረው ፈንገስ አብሮ ይሄዳል፤ በተራቆተ መሬት ላይ አገር በቀል ችግኝ መልሶ ለመትከል ሲታሰብም የሥሩ ተጣማሪ መኖር አለመኖሩ የችግኙን ዕድል ይነካል።

ከሦስት ወደ 1,300

በ2018 ኪው የዓለምን ፈንገሶች ሁኔታ የሚገልጽ የመጀመሪያ ዘገባውን ሲያወጣ በዓለም ቀይ መዝገብ የተገመገሙት ፈንገሶች 56 ብቻ ነበሩ፤ በተመሳሳይ ጊዜ የተገመገሙት ዕፅዋት ከ25,000 በላይ፣ እንስሳት ከ68,000 በላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት ቻይና ከ9,000 በላይ ዝርያዎችን የገመገመችበትን የራሷን ዝርዝር አወጣች። በ2020 በሂማላያና በቲቤት ለመድኃኒት የሚሸጠውና በትል ላይ የሚበቅለው ፈንገስ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ በዓለም መዝገብ ገባ።

በ2021 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዝርያዎች ኮሚሽን የጥበቃ ተቋማት ስለ እንስሳትና ዕፅዋት በሚናገሩበት ሁሉ ፈንገስን ሦስተኛ አድርገው እንዲጠሩ አሳሰበ። በ2024 በኮሎምቢያ ካሊ በተደረገው የብዝኃ ሕይወት ጉባኤ ቺሊና ብሪታንያ ለፈንገስ ጥበቃ የጋራ ቃል ኪዳን አቀረቡ። በመጋቢት 2025 በዓለም ቀይ መዝገብ የተገመገሙት ፈንገሶች 1,300 ደረሱ፤ ከእነዚህ ቢያንስ 411 ለመጥፋት አደጋ የተጋለጡ ናቸው። የእርሻና የከተማ መስፋፋት 279 ዝርያዎችን፣ የጫካ ጭፍጨፋ ቢያንስ 198 ዝርያዎችን፣ ከማዳበሪያና ከሞተር የሚወጣው ናይትሮጅንና አሞኒያ ደግሞ 91 ዝርያዎችን ያሰጋሉ። አርኖልድስ በሆላንድ ጫካ ያስተዋለው መንስኤ ከአርባ ዓመት በኋላ በዓለም መዝገብ ላይ በቁጥር ሰፈረ። በዚያው ዓመት የታተመ የምድር ውስጥ የፈንገስ ካርታ የሥር ተጣማሪ ፈንገሶች ከሚበዙባቸው ስፍራዎች በተከለሉ ቦታዎች ውስጥ ያሉት ከ10 በመቶ በታች መሆናቸውን አሳየ።

ዛሬ በዓለም 2.5 ሚሊዮን ያህል የፈንገስ ዝርያ እንዳለ ይገመታል፤ ስም የተሰጣቸው 155,000 ገደማ ናቸው። ከአፈር የሚነበበው ዲኤንኤ ስም የሌላቸውን ዝርያዎች በብዙ ሺህ እያወጣ ነው። ይሁንና አንድ የዲኤንኤ ውጤት ዛሬ ያለውን እንጂ የትናንቱን አይናገርም። መቀነስ የሚታወቀው ከዚህ በፊት የነበረውን የጻፈ ሰው ሲኖር ነው፤ የሆላንድ ጫካዎችና የሳልዝበሪ መስኮች ጉዳይ የተገለጠው እንዲያ ያለ ጽሑፍ ስለነበረ ነው። የኢትዮጵያ ደኖች እንዲህ ያለ የረጅም ዘመን መዝገብ ገና አልተሠራላቸውም። መዝገቡ ለመጀመር የሚጠይቀው ዝርያውን፣ ስፍራውንና ቀኑን በታማኝነት መጻፍና የደረቀውን ናሙና ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በየክረምቱ ወደዚያው ጫካ መመለስ ያስፈልጋል። ተመዝግቦ የማያውቅ ዝርያ ሲጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም።